«እዚያ ቤት ብወለድስ ኖሮ?» ልጅን እምነት ማስተማርና እምነትን መጫን

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባብያን የተዘጋጀ)

  

የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ናት። የምኖረው በደንዲ ወረዳ በጊንጪ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሁሉ ከተማችንን ያውቃታል። በሰፈራችን እኛ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን። በቀኛችን ያለው ቤት የኦርቶዶክስ፣ በግራችን ያለው የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ነው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የዋቄፈና እምነት የሚከተሉ አዛውንት ይኖራሉ። በዒድ ቀን ልጆቹ ሁሉ እኛ ቤት ይውላሉ፤ በፋሲካ የእኛዎቹ እነሱ ቤት ናቸው። ሥጋው እንደየእምነቱ ቢለያይም ዳቦውና ቡናው የጋራ ነው።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ የ14 ዓመት ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ እኔ እዚያ ጎረቤት ቤት ብወለድ ኖሮ ሙስሊም እሆን ነበር ወይ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ። «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ይልቅ ሂጂና ቁርኣንሽን ቅሪ» ብዬ ዝም አሰኘኋት። እሷም ዝም አለች። እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ጥያቄዋ ቀላል አለመሆኑ ነው። በዚህ ዘመን አንዳንድ የተማሩ ሰዎች፣ «ልጅን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሃይማኖት ማስተማር አእምሮውን ማጠብ ነው፤ ይደግና ራሱ ይምረጥ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ፈጣሪ የለም ብሎ ልጅ የሚያሳድገውስ ምን እያደረገ ነው?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ይከሳል። እኔ ዛሬ ለመካሰስ አልመጣሁም። በአገራችንና በሌላው ዓለም የደረሰውን ታሪክ አብረን እንይና፣ ማስተማር የት ያበቃል፣ መጫንስ የት ይጀምራል የሚለውን እንመርምር።

ጥያቄው የቆየ ነው

የልጄን ጥያቄ ከእሷ በፊት የጠየቀው ትልቅ ሰው አለ። እሱም ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1058 በኹራሳን ምድር በጡስ ከተማ ተወልዶ፣ በ1091 በባግዳድ በታላቁ የኒዛሚያ መድረሳ ለማስተማር የተሾመ ዓሊም ነው። «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድደላል» በተባለው መጽሐፉ የራሱን ሕይወት ሲተርክ፣ ገና በወጣትነቱ አንድ ነገር እንዳስተዋለ ይነግረናል። የክርስቲያን ልጆች ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጆች አይሁዳዊ፣ የሙስሊም ልጆችም ሙስሊም ሆነው ነው የሚያድጉት። ያን ጊዜ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ አስታወሰ። ሕፃን ሁሉ በንጹሕ ተፈጥሮ፣ ማለትም በፊጥራ ላይ እንደሚወለድ፣ ወላጆቹ ግን አይሁዳዊ ወይም ክርስቲያን ወይም መጁስ እንደሚያደርጉት ያስተማሩበትን ሐዲስ ማለታችን ነው። ገዛሊም «እንግዲያው እኔ የማምነው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ አባቴ ስላመነ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሁለት ወር ገደማ በከባድ ጥርጣሬ ውስጥ እንደቆየ አልደበቀም። ይህን የጻፈው ሰው ዛሬ «ሑጀቱል ኢስላም» ብለን የምንጠራው ነው። ጥያቄው ከእምነት አላወጣውም፤ የወረሰውን እምነት ወደሚያውቀው እምነት አሸጋገረው እንጂ።

ከእርሱ ሰባት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር አነሣ። ሰውን በለንደን የቤተ ክርስቲያን ሰው ያደረገው አጋጣሚ፣ በፔኪንግ ቢወለድ ኖሮ የቡድሃ ወይም የኮንፊሺየስ ተከታይ ያደርገው ነበር አለ። ሚልን የጠቀስኩት አስተዳደጉ ለርእሳችን ስለሚጠቅም ነው። አባቱ ያለ ምንም ሃይማኖት አሳደገው። በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ ማስተማር ጀመረው። ሚል በኋላ ስለ ራሱ ሲጽፍ፣ በአገሩ ሃይማኖትን የተወ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሃይማኖት ያልነበረው ሰው እንደሆነ ገልጿል። ይሁን እንጂ አባቱ ምንም አላስተማረውም ማለት አይቻልም። ስለ ደስታ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ዓለም ያለውን ጽኑ አመለካከት በሙሉ አስተምሮታል። ልጁም በሃያ ዓመቱ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተመታና የተማረውን ሁሉ እንደገና መመርመር ግድ ሆነበት።

ከዚህ የምንረዳው ማንም ልጅ ባዶ ቤት ውስጥ እንደማያድግ ነው። አባት ሲሰግድ ያየ ልጅ አንድ ነገር ይማራል፤ አባት ሲሰግድ ያላየ ልጅም እንዲሁ አንድ ነገር ይማራል። የአንዳሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል እ.ኤ.አ. በ12ኛው ክፍለ ዘመን «ሐይ ኢብን የቅዛን» የተባለ ታሪክ ጽፎ ነበር። በሰው አልባ ደሴት ላይ ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችው ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው በራሱ አእምሮ ፈጣሪውን ሲያገኝ ያሳያል። ድንቅ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ማንም ያላስተማረው ልጅ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ልብ ወለድ ውስጥ ብቻ ነው። የእኔና የእናንተ ልጅ ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ ይሉኝታውን፣ ሰላምታውን ሁሉ ከሰው ነው የሚማረው። በዘመናችን ሪቻርድ ዶውኪንስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ «ሙስሊም ሕፃን» ወይም «ክርስቲያን ሕፃን» ማለት አይገባም፤ «የሙስሊም ወላጆች ልጅ» ማለት እንጂ ሲል ተከራክሯል። ሕፃን በራሱ መርምሮ አልወሰነም ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕፃን የሚበላውንና የሚናገረውንም መርምሮ አልወሰነም። ስለዚህ ልጅን ማስተማራችን አይቀርም። የሚጠየቀው እንዴት አድርገን እንደምናስተምር ነው።

መንግሥት የእምነት አባት ሲሆን

መጫን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አገር ነው አገራችን። በ1870 ዓ.ም በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ወሰኑ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። እስቲ አስቡት፤ በቀን በአደባባይ የሰማውን ነገር ማታ እናቱ በሹክሹክታ የምታፈርስበት ልጅ ነው የሚያድገው። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ የዛሬው ክርስቲያን ጎረቤቴ በዚያ አይጠየቅም። የማነሣው ውጤቱን እንድናይ ነው። የዛሬው ደቡብ ወሎ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። አዋጁ ከሹክሹክታው አልበረታም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደግሞ «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ይባል ነበር። ይሁን እንጂ በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንዱን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ አጸና። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ይባል እንጂ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» አይባልም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ያ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ፣ ከእኩልነት ጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ስያሜ ነበር። በዚያ ሰልፍ ብዙ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች አብረው እንደወጡም መዘንጋት የለበትም።

«ንቃት» የተባለው ዘመን

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ፍትሐዊ እንሁንና ከመልካሙ እንጀምር። በ1967 ዓ.ም ዒድ አል-ፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የእኔ እናት ፊደል የቆጠረችው በዚያ ዘመቻ ነው። አላህ ይዘንላትና፣ ደብዳቤ ባነበበች ቁጥር ያስተማሯትን ልጆች ትመርቅ ነበር።

ነገር ግን ያ ሥርዓት ማንበብ ከማስተማር አልፎ ምን ማመን እንደሚገባም ማስተማር ፈለገ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የአገሪቱ መመሪያ ተባለ። በ1968 ዓ.ም የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ካድሬዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የፖለቲካ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገባ። ወጣቱ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተደራጀ። የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱበት ሰዓት ጋር ሲጋጭ፣ የቀረ ሰው «አድኃሪ» ይባል ነበር። ቃሉ «ንቃት» ነበር፤ ያላመነ ሰው ተኝቷል ማለት ነው።

ከሶማሊያ ጋር በ1969 እና 1970 ዓ.ም በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ደግሞ መንግሥት ራሱ አባት ሆናቸው። ገሚሶቹ በአላጌ በተቋቋመው ሕፃናት አምባ፣ ገሚሶቹም ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት አደጉ። ወደ ኩባ የሄዱት ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በልተዋል፣ ለብሰዋል፣ ተምረዋል፤ ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑ አሉ። ይህ ውለታ ነው። ነገር ግን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በሶሻሊስት መንፈስ እንዲቀረጽ ሲደረግ፣ የሞተው አባቱ ምን ያምን እንደነበር የሚነግረው አልነበረም። ወላጅ አልባ ልጅ ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ነው። የሙት አባትን እምነት ከልጁ ማስረሳት ግን ከልጁ ውርስ መውሰድ ነው።

ደርግ እንደ አንዳንድ አገሮች ሃይማኖትን በአዋጅ አልከለከለም። በ1979 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነፃነትን ጠቅሶ፣ ነፃነቱ ከመንግሥትና ከአብዮቱ ጥቅም ጋር እንዳይጋጭ ገደብ አስቀመጠ። ገደቡ በተግባር ምን እንደሆነ ግን ከዚያ በፊትም ታይቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። ከሥልጣናቸው የወረዱትና የታሠሩት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ጊዜ ተገደሉ። ጎረቤቶቻችን ሲገደሉ ዝም ያልነው በፍርሃት ነው። ዛሬ ግን «እኛ ላይ አልደረሰም» ብለን ማለፍ አይገባንም።

እኔ በተማርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ሕፃን ነበርኩና ጺማቸውን አይቼ ሼኾች ይመስሉኝ ነበር። በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ግን በደንብ ያውቃቸዋል። አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ይማር በነበረ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ቤት መጥቶ ለአባቴ «ፈጣሪ የለም፤ ሳይንስ አረጋግጧል» አለው። አባቴ ባለ ትንሽ ሱቅ ነጋዴ ነበር። ብዙ አልተማረም። እናቴ ስታለቅስ እሱ ሒሳብ የሚጽፍበትን ደብተር ዘጋና፣ «እኔ ይህን የምመልስበት ዕውቀት የለኝም፤ የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንሂድ» አለው። በሳምንቱ አዲስ አበባ መርካቶ አንዋር መስጂድ ድረስ ይዞት ሄደ። አንድ ዓሊም ከዙህር እስከ ዐስር አብረውት ተቀመጡ። ወንድሜ በዚያ ቀን አልተመለሰም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አልሰገደም። አባቴ ግን አንድም ቀን ከማዕድ አላራቀውም፤ በረመዳንም ለኢፍጣር ይጠራው ነበር። ዛሬ ወንድሜ ይሰግዳል። የመለሰው ምን እንደሆነ ስጠይቀው የዓሊሙን ክርክር አያነሣም። «ሥርዓቱ ሲወድቅ ያስተማሩኝ ሰዎች ጠፉ፤ የአባቴ በር ግን ክፍት ነበር» ይላል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ፈጣሪ የለም የሚለውን እምነት በሕፃናት ላይ የጫኑ መንግሥታት ከእኛ ርቀው ሄደዋል። በሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1918 ሃይማኖት ከትምህርት ቤት እንዲለይ ታወጀ፤ ቀጥሎም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በማኅበር ሃይማኖት ማስተማር ተከለከለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በማዕከላዊ እስያ፣ ኢማም አል-ቡኻሪ በተወለዱባት በቡኻራ ሳይቀር፣ መድረሳዎች ተዘጉ። ሕዝቡ ይጽፍበት የነበረው የዐረብኛ ፊደል መጀመሪያ በላቲን፣ ከዚያ በሩሲያ ፊደል ተተካ። በዚህም የልጅ ልጅ የአያቱን መጽሐፍ ማንበብ አቃተው። እምነቱን ያቆዩት በአብዛኛው በየቤቱ በድብቅ ያስተማሩ ሴቶች ናቸው።

አልባኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 መስጂዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዘግታ ራሷን ሃይማኖት የለሽ አገር ብላ አወጀች። የልጆች ስም እንኳ ሃይማኖት እንዳይሸት ተደነገገ። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1990 እ.ኤ.አ.፣ በሽኮድራ ከተማ የመጀመሪያው የአደባባይ ጁሙዓ ሲሰገድ የመሩት ከ20 ዓመት በላይ በእስር ያሳለፉት ሐፊዝ ሳብሪ ኮቺ ነበሩ። ነገር ግን ድል ብቻ አንናገር። በእነዚያ አገሮች ሸሃዳን እንኳ ሳያውቅ ያረጀ ትውልድ አለ። መጫን ልብን ባያሳምንም ዕውቀትን ማጥፋት ይችላል።

መንግሥት በተገላቢጦሽ ሃይማኖት አስተማሪ ሲሆንም ውጤቱ አንድ ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን ኢማሞችና ዳዒዎች «አሕባሽ» በሚባለው አስተሳሰብ እንዲሠለጥኑ በመንግሥት ድጋፍ በተደረገ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2004 ዓ.ም የአወሊያ ተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ። የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታስረው በ2007 ዓ.ም ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የመጨረሻዎቹ በ2010 ዓ.ም ተፈቱ። የሕዝቡ ጥያቄ «እምነታችንን ለእኛ ተዉልን» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ መንግሥትን የጠየቅን ሰዎች፣ ልጆቻችን በሌላ መልኩ ሲጠይቁን ጆሮ ልንነፍጋቸው አይገባም።

የመጫን ምልክቶች

ውድ አድማጮቻችን፣ እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው ሦስት ምልክቶች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ጥያቄ ወንጀል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ልጁ ሌላው ሰው የሚያምነውን እንዳያውቅ ይደረጋል፤ ወይም ስለ ሌላው ውሸት ይነገረዋል። ሦስተኛ፣ ያላመነ ሰው እንጀራውን ወይም ቤቱን ወይም ሕይወቱን ያጣል። እነዚህ ያሉበት ትምህርት በአላህ ስምም ሆነ በሳይንስ ስም ቢሰጥ መጫን ነው። የሌሉበት ትምህርት ግን አባት ለልጁ ካለው ነገር ሁሉ የተሻለውን ማካፈል ነው።

ዲናችን በዚህ ላይ ምን ይላል? ከኢስላም በፊት በመዲና ልጆቿ የሚሞቱባት ሴት «ልጄ ከተረፈልኝ በአይሁዶች ዘንድ አሳድገዋለሁ» ብላ ትሳል እንደነበር ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ተዘግቧል። በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ በኑ ነዲር የተባሉት ከመዲና ሲወጡ፣ አብረዋቸው የአንሷር ልጆች ነበሩ። ወላጆች «ልጆቻችንን አንለቅም» አሉ። ያን ጊዜ ነው በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ የሚያስተምረው የአል-በቀራ አንቀጽ የወረደው። ልብ በሉ፤ ይህ አንቀጽ ስለ ሩቅ ባዕድ ብቻ የወረደ አይደለም። አባትና እናት ስለ ገዛ ልጆቻቸው ሲጨነቁ የወረደ ነው።

ሉቅማን ልጁን ሲመክር በሽርክ ላይ አስጠነቀቀው፤ ምክንያቱንም ጨምሮ ነገረው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በልጁ ጉዳይ የተሰጠውን ከባድ ትእዛዝ ልጁን አማከረበት። ኑሕ (ዐ.ሰ) ያላመነውን ልጁን ማዕበል እስኪለያቸው ድረስ በፍቅር ጠራው እንጂ አስቀድሞ አላባረረውም። ቁርኣን «አባቶቻችንን ያገኘነው በዚህ ላይ ነው» የሚሉትን ሰዎች በተደጋጋሚ ይወቅሳል። ይህ ወቀሳ ለመካ ጣዖታውያን ብቻ አይመስለኝም። ሙስሊም የሆነበትን ምክንያት ሲጠየቅ «አባቴ ሙስሊም ስለሆነ» ከማለት በቀር መልስ የሌለውን ሰውም ይነካል።

በራሳችን ቤት

ሌላውን ከመረመርን ራሳችንን እንመርምር። እኔ ልጅ ሆኜ በኩራዝ መብራት ለውሕ ይዤ ቁርኣን እቀራ ነበር። አንድ ቀን ኡስታዛችንን «የምንቀራው ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ልምጭ ነበር። አላህ ይማራቸው፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያ ነው። ያስቀሩኝ ፊደል ዛሬም እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ከእኔ ጋር ከቀሩት ልጆች መካከል ከዚያ ልምጭ በኋላ የቀሩና ያልተመለሱ አሉ። ከአብዮቱ በፊት በተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ከቄስ ቤትም ከሼኽ ቤትም የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ቤታቸው ያልመለሰላቸውን ጥያቄ ሌላ ሰው መለሰላቸው።

አንዳንድ ወላጆች ልጅ በሰባት ዓመቱ ሰላት እንዲታዘዝ፣ በአሥር ዓመቱ ደግሞ እንዲቀጣ የሚለውን ሐዲስ ያነሣሉ። በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመት እንዳለ ግን ይረሳሉ። በቀን አምስት ጊዜ በፍቅር ብናስታውሰው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ይህን ያህል ሳያስታውስ ዱላ የሚያነሣ ሰው ሐዲሱን አልሠራበትም። ዑለማዎችም ቅጣቱ የማይጎዳ፣ በንዴት ያልሆነና ለሥርዓት ብቻ እንዲሆን ወስነዋል። ዱላ ልጅን ያሰግደው ይሆናል፤ አያሳምነውም።

ሕጉም ከጎናችን ነው። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማስተማርና የማሳደግ መብት ይሰጣል። ይኸው አንቀጽ ማንም ሰው በኃይል እምነቱ እንዳይገደብ ይከለክላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ እምነትን እንዳይጭን ከጠየቅን፣ እኛም ቤታችንን የካድሬ ስብሰባ አናድርገው።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከዚያ ምሽት ሁለት ቀን በኋላ ጠራኋትና በ1961 ዓ.ም በሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ አዘጋጅነት የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም አወጣሁ። «ጥያቄሽ ትክክል ነው» አልኳት። «እዚያ ቤት ብትወለጂ ኖሮ መጀመሪያ የምትሰሚው የእነሱን ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያው። ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ስለሚወዷቸው ነው። እኔ ያስተማርኩሽ እውነት ነው ብዬ ስለማምን ነው። አላህ አእምሮ የሰጠሽ ደግሞ አንቺ ራስሽ እንድትመረምሪው ነው፤ በፍርድ ቀንም አባቴ አስተምሮኝ ነው ብትዪ አይበቃም።» ከዚያም የኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ታሪክ አነበብን። ጣዖት በሚመለክበት ቤት ተወልዶ አባቱን የጠየቀ፣ ጌታውንም ልቡ እንዲረጋ «ሙታንን እንዴት እንደምታስነሣ አሳየኝ» ብሎ የለመነ ነቢይ ነው። እኛ መንገዱን እንከተላለን የምንለው ሰው የቤቱን እምነት የመረመረ ልጅ ነበር።

ልጄ በጥሞና ስትሰማ ቆይታ፣ «አባቱን ሲጠይቀው ታዲያ አባቱ ምን አለው?» አለች።

ካልተወ እንደሚወግረው ዝቶ እንዳባረረው ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔም የዚያን ቀን ምሽት ትዝ አለኝና «አፉ በይኝ ልጄ» አልኳት።

አሁን ሐሙስ ማታ ማታ አብረን ተቀምጠን ትርጉሙን እናነባለን። አንዳንዱን ጥያቄዋን እመልሳለሁ፤ አንዳንዱን እንደ አባቴ «የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንሂድ» እላታለሁ። እናንተም፣ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ የሚከብድ ጥያቄ ቢያነሣ ከመቆጣታችሁ በፊት ውሃ ጠጡና አጠገባችሁ አስቀምጡት።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ ለእኛም የሚጠይቁንን የምንሰማበት ትዕግሥት ይስጠን። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።